ላም አለኝ በሰማይ

ወረፋ ያንገሸገሸው ሰው፣ ቢያንስ ሰማዩ ሰፊ ነው ብሎ የሚጽናና ከሆነ ተስፋውን ባላጨልምበት ደስ ባለኝ ነበር። ነገር ግን ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘው የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕም ወረፋ አለበት። ለአራተኛው የሥራ ዙር ማመልከቻ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 ሲዘጋ የገባው ፕሮፖዛል 2,377 ነበር። አመልካቾቹ በድምሩ የጠየቁት 78,000 ሰዓት ገደማ ነው። ዓመት ሙሉ ሌት ተቀን ቢሠራ ያለው 8,760 ሰዓት ብቻ ነው፤ ከዚያውም ላይ ቴሌስኮፑ ከኮከብ ወደ ኮከብ የሚዞርበት፣ ራሱን የሚያስተካክልበት፣ ምሕዋሩን የሚያቃናበት ጊዜ ይቀነሳል።

ወረፋውስ ይሁን፤ ለምደነዋል። አብዛኛው ሰው ባዶ እጁን እንደሚመለስ እያወቀ ነው የሚያመለክተው። እኔን ከልቤ የሚያስመርረኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ዕድል ቀንቶት ሰዓት የተሰጠው ሰው፣ የሠራበትን ፍሬ ከመቅመሱ በፊት ከጎረቤቱ መሣሪያ የሚደርስበት ነገር አለ። ስለዚህ ጉዳይ በየምርምር ክፍሉ ሲጉተመተም ይዋላል እንጂ ደፍሮ በአደባባይ የሚያነሳው ጥቂት ነው።

የጠፈር ቴሌስኮፕ ሲባል ሰው አንድ ትልቅ መነጽር ይመስለዋል። ኑሮው ግን በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙ ተከራዮች ኑሮ ነው፤ አንዷ እንጀራ ልትጋግር ምጣዷን ስትሰካ የሌላው ቤት አምፖል ይደበዝዛል። ጄምስ ዌብ 6.5 ሜትር ስፋት ያለው አንድ መስተዋት አለው። በዚያ መስተዋት የተሰበሰበውን ብርሃን አራት የምርምር መሣሪያዎች ይጋሩታል፤ ኒርካም፣ ኒርስፔክ፣ ኒሪስ እና ሚሪ። የመረጃ መቅጃው የጋራ ነው። ወደ ምድር የሚያወራው አንቴና የጋራ ነው። ሰውነቱ አንድ ስለሆነ አንዱን ወደ ቀኝ አዙሮ ሌላውን ወደ ግራ ማዞር አይቻልም። አንዱ ሲዞር ሁሉም ይዞራሉ።

መሣሪያዎቹ ጎን ለጎን ስለተደረደሩ እያንዳንዳቸው የሚያዩት ትንሽ ተራርቆ ያለ የሰማይ ቁራጭ ነው። ስለዚህ ኒርካም ሲሠራ ሚሪ ለምን ሥራ ይፈታል? ሁለቱም ይከፈቱና በአንድ ሰዓት የሁለት ሰዓት ሥራ ይሠራ፤ ሐሳቡ ይህ ነው። መልካም ሐሳብ ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ችግሩ የሚጀምረው ዝርዝሩ ውስጥ ሲገባ ነው። የካሜራው ሰሌዳ ላይ የሞቱና የሚዋሹ ፒክሰሎች ስላሉ ቴሌስኮፑ አንድ ቦታ ላይ ተተክሎ አያነሳም። ያነሳል፣ ጥቂት ፈቀቅ ይላል፣ ደግሞ ያነሳል። ምን ያህል ፈቀቅ እንደሚል የሚወስነው ዋናው መሣሪያ ነው። ለኒርካም የተመቸው እርምጃ ለሚሪ ይመች እንደሆነ ማንም ዋስ አይሆንም። አንዱ ፎቶውን ቀድሞ ከጨረሰ ደግሞ ሌላው እስኪጨርስ ድረስ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ ጓደኛው እያነሳ ሳለ ቴሌስኮፑን ማነቃነቅ አይቻልማ።

ኮስሞስ ዌብ የተባለውን ትልቅ ቅኝት ተመልከቱ። ከ200 ሰዓት በላይ ተሰጥቶት በኒርካም 0.54 ስኩዌር ዲግሪ ሰማይ ሸፈነ። በዚያው ሰዓት ጎን ለጎን የተከፈተው ሚሪ የሸፈነው 0.2 ስኩዌር ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው፤ የሚያየው ቁራጭ ከኒርካም ያነሰ ነውና በተነጣጠሉ ቁራጮች ተበትኖ ቀረ። ለኒርካም ሰው ሙሉ ካርታ ነው። በሚሪ ጋላክሲውን ለማየት የቋመጠ ሰው ግን የሚፈልገው ጋላክሲ ከቁራጮቹ መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ወድቆበት ይሆናል። ያለ ተጨማሪ ሰዓት የተገኘ መረጃ ነውና ማንን ይከሳል?

ከዚያ መቅጃው ይመጣል። ኒርካም ብቻውን አሥር ብርሃን መቀበያ ሰሌዳዎች አሉት፤ እያንዳንዱ 2048 በ2048 ፒክሰል ነው። ቴሌስኮፑ በቀን ወደ ምድር ሊልክ የሚችለው 57 ጊጋባይት ገደማ ነው። ዛሬ በኪሳችን የያዝነው ስልክ ከዚያ የበለጠ መያዝ ይችላል። ሁለት መሣሪያ አብሮ ሲጽፍ መቅጃው ቶሎ ይሞላል፤ ሲሞላ ደግሞ መርሐ ግብር አውጪዎቹ የአንዱን ሰው ምልከታ ማሳሳት ወይም ወደ ሌላ ሳምንት መግፋት ይገደዳሉ። መረጃውን የሚቀበሉት የጎልድስቶን፣ የማድሪድና የካንቤራ አንቴናዎችም የጄምስ ዌብ የግል ንብረት አይደሉም። ቮያጀርም ይጠራቸዋል፣ የማርስ መንኮራኩሮችም ይጠሯቸዋል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 አርቴሚስ 1 ወደ ጨረቃ ሲላክ የአንቴናውን ሰዓት በብዛት ስለወሰደ የሳይንስ ተልእኮዎቹ ወደ ጎን ተገፍተው ነበር። ሰው ወደ ጨረቃ ለመመለስ የሚደረገውን ጥረት አልቃወምም፤ ግን የተራራቁ ጋላክሲዎችን የሚያጠና ሰው በጨረቃ ጉዞ ምክንያት ወረፋው ሲበላሽ ምን ማለት አለበት?

ቴሌስኮፑ ላይ ያለው አንቴና ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። ምድርን እንዳይስት በየጊዜው አቅጣጫውን ማረም አለበት። ሕጉ በየ10,000 ሰከንዱ ይላል፤ ሁለት ሰዓት ከአርባ ስድስት ደቂቃ መሆኑ ነው። አንቴናው ሲንቀሳቀስ የቴሌስኮፑ ሰውነት በጥቂቱ ይናወጣል። ስለዚህ ተራ ምልከታዎች ከዚያ ጊዜ እንዳያልፉ ተቆራርጠው ይሰናዳሉ። መቆራረጥ የማይችሉ ግን አሉ፤ በኮከባቸው ፊት የሚያልፉ ፕላኔቶችን የሚጠብቁት ሰዎች። ፕላኔቷ ገብታ እስክትወጣ ሰሌዳው ያለ ማቋረጥ መከታተል አለበት፤ ስለዚህ ከሕጉ ነፃ ተደርገዋል። ነፃ መሆን ማለት ግን አንቴናው አይንቀሳቀስም ማለት አይደለም፤ በእነርሱ መረጃ መካከል ይንቀሳቀሳል ማለት ነው። ከመቶ አንድ እንኳ የማይሞላ የብርሃን ቅናሽ ለመለካት ትንፋሹን ውጦ የሚጠብቅ ሰው፣ ግራፉ መሐል ላይ በድንገት ዝላይ ያገኛል። ዝላዩ ከፕላኔቷ አየር ይሁን ከአንቴናው ሞተር ለማጣራት ሳምንታት ይሄዳሉ።

እነዚህ ሰዎች ተጎጂ ብቻ አይደሉም፤ ሌላውንም ይጎዳሉ። 40 የብርሃን ዓመት ያህል የምትርቀው ትራፒስት-1 ሰባት ፕላኔቶች አሏት። ሕይወት ይኖርባት ይሆን ተብላ በጉጉት የምትጠበቀው አራተኛዋ፣ ትራፒስት-1ኢ፣ በኮከቧ ፊት የምታልፈው በየ6.1 ቀኑ ነው። ጄምስ ዌብ በፀሐይ ጋሻው ጥላ ሥር መቆየት ስላለበት በአንድ ጊዜ ማየት የሚችለው ከሰማዩ 40 ከመቶ ገደማውን ነው፤ ትራፒስት-1ን ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ በተወሰኑ ሳምንታት ብቻ። ስለዚህ የፕላኔቷ ሰዓት እንደ ሚስማር መርሐ ግብሩ ላይ ይመታል። በዚያ ዙሪያ ያለው ሁሉ ይሸሻል፣ ይቆረጣል፣ ይተላለፋል። ምልከታው ከአንድ ሰዓት ባነሰ ክፍተት ውስጥ እንዲጀመር የጠየቀ አመልካች አንድ ሰዓት ተጨማሪ ይታሰብበታል፤ ቴሌስኮፑ ያቺን ደቂቃ እየጠበቀ ሥራ ፈትቶ የሚቆይበት ዋጋ ነው። ተገቢ ክፍያ ነው እላለሁ፤ ነገር ግን የተባረረው ጎረቤት ኪስ ውስጥ አይገባም።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የሌላው የጠፈር ቴሌስኮፕ፣ የሀብል ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2009 ጠፈርተኞች የገጠሙት ሰፊ ሜዳ ካሜራ 3 ሁለት መንገድ አለው፤ አንዱ ለሚታይና አልትራቫዮሌት ብርሃን፣ ሌላው ለኢንፍራሬድ። ብርሃኑን ወደ አንዱ ወይም ወደ ሌላው የምትመራው አንዲት መስተዋት ስለሆነች ሁለቱ አብረው አይሠሩም። እሱ እንኳ ግልጽ ነገር ነው፤ ተራህን ትጠብቃለህ። የሚያናድደው የኢንፍራሬዱ ሰሌዳ ትናንት ያየውን ቶሎ የማይረሳ መሆኑ ነው። ደማቅ ኮከብ ሲያርፍበት በሰሌዳው ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ጉድለቶች ኤሌክትሮኖች ይያዛሉ። ኮከቡ ከሄደ በኋላ ቀስ በቀስ ይለቀቃሉ፤ አንዳንዴ በደቂቃዎች፣ አንዳንዴ በሰዓታት። ሲለቀቁ ካሜራው ብርሃን የመጣ መስሎት ይቆጥራቸዋል።

እስቲ በቅርብ እንየው። የፕላኔት አየር የሚያጠና ቡድን አንድ ደማቅ ኮከብ በሰሌዳው ላይ ሆን ብሎ እያንሸራተተ ያነሳል። ብርሃኑ በብዙ ፒክሰሎች ስለሚበተን ልኬታው ጥሩ ይሆናል፤ ግሩም ዘዴ ነው። ሥራቸውን ጨርሰው ይሄዳሉ። ቀጥሎ ባለተራ የሆነው ሰው ባዶ የሚመስል የሰማይ ጥግ ላይ እጅግ የደበዘዙ ጋላክሲዎችን ይፈልጋል። የመጀመሪያውን ምስል ሲከፍት ከላይ ወደ ታች የወረደ ሐመር ሰንበር ያገኛል። ሁለተኛው ምስል ላይ ሰንበሩ ቀጥኗል፣ ሦስተኛው ላይ ይበልጥ ቀጥኗል፣ ግን አልጠፋም። ሰንበር ሲሆን ደግሞ ደግነቱ መታወቁ ነው። የቀደመው ሰው የኮከቦች ክምችት አንስቶ ከሆነ እድፉ ክብ ክብ ነጠብጣብ ይሆናል፤ ክብ ነጠብጣብ ደግሞ ሩቅ ጋላክሲ ይመስላል። የሚያድነን ያ ቀደም ብዬ የተማረርኩበት ፈቀቅ ማለት ነው። ቴሌስኮፑ ፈቀቅ ሲል እውነተኛው ጋላክሲ ከሰማዩ ጋር ይሄዳል፤ እድፉ ግን እዚያው ፒክሰል ላይ ይቀራል። ሰዓቱ አጥሮት ፈቀቅታውን የቀነሰ ሰው ግን ይህም መዳኛ የለውም።

መርሐ ግብር አውጪዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ሰሌዳውን አብዝቶ የሚያጠግብ ምልከታ ሲመጣ አስቀድመው ለይተው፣ ከእርሱ በኋላ ኢንፍራሬዱን ለጥቂት ጊዜ ያሳርፉታል። ግን ይህ የሚሠራው ለከባዶቹ ነው። መካከለኛዎቹ ያልፋሉ። ሁሉንም እናሳርፍ ቢባል ደግሞ ቴሌስኮፑ አርፎ መዋሉ ነው።

የሀብል ሰዓት ደግሞ ድሮውንም የተሸራረፈ ነው። በ95 ደቂቃ አንዴ ምድርን ይዞራል፤ ከዚያ ውስጥ ግማሽ ያህሉን ምድር ራሷ ትጋርደዋለች። በቀን ከሚያደርጋቸው 15 ያህል ዙሮች በብዙዎቹ በደቡብ አትላንቲክ ላይ ባለው የጨረር ቀጠና ያልፋል። እዚያ የአልትራቫዮሌት መሣሪያዎቹ ከፍተኛ ቮልቴጅ መጥፋት ስላለበት የእነርሱ ሰዎች የሚሻሙት ቀጠናውን የማይነኩትን ጥቂት ዙሮች ነው። በዚያ ላይ በሚያዩት ሜዳ ውስጥ መሣሪያውን የሚጎዳ ደማቅ ኮከብ አለመኖሩን አንድ በአንድ ማረጋገጥ አለባቸው። እ.ኤ.አ. ከጁን 2024 ወዲህ ደግሞ ሀብል በአንድ ጋይሮስኮፕ ብቻ እየተመራ ስለሆነ ከዒላማ ወደ ዒላማ መዞሩ ዘግይቷል። በሳምንት 85 ዙር ይሠራበት የነበረው ወደ 74 ወርዷል። አሥራ አንድ ዙር ከእያንዳንዱ ሳምንት ጠፋ ማለት ነው። የጠበበ ቤት ውስጥ መነካካቱም ይብሳል።

አንዳንዱ ሰው መፍትሔው አንድ መሣሪያ በአንድ ጊዜ ብቻ መክፈት ነው ይላል። ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተላከው ስፒትዘር የጠፈር ቴሌስኮፕ ሦስት መሣሪያዎች ነበሩት፤ የሚያቀዘቅዛቸው ሂሊየም ሳያልቅ በነበረው ዘመኑ አንዱ ሲሠራ ሌሎቹ ይጠፉ ነበር። አንዱ ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ይከፈታል፣ ከዚያ ለሌላው ይለቃል። መነካካት የለም፣ ሰላም ነው። ግን የፈነዳ ኮከብ ያየ ሰው የሚፈልገው መሣሪያ ተራው እስኪደርስ ሲጠብቅ ፍንዳታው ይበርድበታል። ሰላሙ በዚያ ዋጋ የተገዛ ነው፤ እኔ አልገዛውም።

በዚህ ሁሉ መካከል የሚደክሙትን ሰዎች ማንም አያስታውሳቸውም። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በሜሪላንድ፣ ባልቲሞር ውስጥ ያለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ሳይንስ ተቋም የጄምስ ዌብንም የሀብልንም ሰዓት ያሰናዳል። ሀብል ሳይላክ ጀምሮ ስፓይክ የሚባል ፕሮግራም እዚያ ተሠርቷል። ከዚያ ሥራ የወጣ አንድ ዘዴ በኮምፒውተር ሳይንስ መጻሕፍት ውስጥ ገብቷል። መጀመሪያ ሁሉንም እንደነገሩ ደርድር፤ ከዚያ ከሌላው ጋር የሚጋጨውን አንዱን አንሳና ግጭቱ ከሁሉ ወደሚያንስበት ቦታ ውሰደው፤ እስኪያልቅ ድገም። በዚህ ዘዴ የአንድ ሳምንት መርሐ ግብር ለማውጣት ይፈጅ የነበረው ሦስት ሳምንት ወደ አሥር ደቂቃ ወረደ። ልብ በሉ፤ ዘዴው ግጭቱን ያሳንሳል እንጂ አያጠፋም። የቀረው ግጭት በሰው ላይ ያርፋል፤ ብዙ ጊዜም ስሙ ባልታወቀ ሰው ላይ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 17 ቀን 2017 ሁለት የኒውትሮን ኮከቦች ሲላተሙ የተሰማው የስበት ሞገድ ዓለምን አስደነቀ፤ ሀብልም ዞሮ አየ፣ መዞሩም ተገቢ ነበር። በዚያ ሰሞን ተራቸው የተገፋባቸው እነማን እንደነበሩ የጻፈ ጋዜጣ አላየሁም።

አሁን ወደ ዋናው ምሬቴ ልምጣ። ከምድር ጥላ፣ ከጨረር ቀጠናውና ከአንቴናው ጋር መጣላት ዋጋ የለውም። ሊታረም የሚችለው ማመልከቻው ላይ የሚጻፈው ነው። ሰው ፕሮፖዛል ሲጽፍ ቴሌስኮፑ ላይ ብቻውን ያለ ይመስለዋል። ካሜራው በዚህ ማዕዘን ብቻ ይዙር ይላል፤ ለምን ሲባል ምስሉ ካለፈው ጋር እንዲገጥም ነው፣ ባይገጥምም ሥራው ይሠራል። በዚህ ሳምንት ይሁንልኝ ይላል፤ ጋላክሲው ግን በሰው ዕድሜ አይለወጥም። ሁለቱ ምልከታዎች ያለ ማቋረጥ ይከታተሉ ይላል፤ ምክንያቱ ከድሮ ፕሮፖዛል ተገልብጦ የመጣ ነው። እያንዳንዷ ቅድመ ሁኔታ አንድ ተጨማሪ ሚስማር ናት። የማዕዘኑ ሚስማር ከፕላኔቷ ሚስማር ጋር ሲጋጭ በእውነት ደቂቃዋ የሚያስፈልጋት ፕላኔት ልታመልጥ ትችላለች።

በመጨረሻ ጉዳቱ የሚደርሰው ከሁሉም ርቆ ላለው ሰው ነው። መረጃው አብዛኛውን ጊዜ ቢበዛ በአንድ ዓመት ውስጥ ለሁሉም ክፍት ይሆናል፤ አዲስ አበባ ያለ ተማሪም ባልቲሞር ካለ ፕሮፌሰር እኩል ያለ ክፍያ ማውረድ ይችላል። ይህ ትልቅ በጎነት ነው፤ ማንም እንዲያጣጥለው አልፈልግም። ነገር ግን ሰዓቱን የጠየቀው ቡድን ከእርሱ በፊት ማን እንደነበረ፣ አንቴናው መቼ እንደተንቀሳቀሰ ጠይቆ ያውቃል። ኔትወርክ እየተቆራረጠበት ፋይሉን ሌሊት ያወረደው ተማሪ ግን የሚያገኘው ምስሉን ነው። ሰንበሩን ግኝት መስሎት ወራት ቢያባክን ማን ይካሰዋል? ለሀብል ኢንፍራሬድ ካሜራ የቀደመው ሰው የተወው እድፍ ግምት በተለየ ፋይል ይዘጋጃል፤ የሚከፍተው ግን ጥቂት ነው፤ መኖሩን የሚያውቀውም እንዲሁ።

ስለዚህ ማመልከቻ የምትጽፉ ወገኖች፣ ከመላካችሁ በፊት የጻፋችኋቸውን ቅድመ ሁኔታዎች አንድ በአንድ እዩና ያለ እርሱ ሥራችሁ የሚሠራውን ሰርዙ። ድምቀቱ አነስ ያለ ኮከብ የሚበቃችሁ ከሆነ ደማቁን አትምረጡ። መረጃ የምታወርዱ ተማሪዎችም ምስሉን ከመክፈታችሁ በፊት የእድፉን ፋይል ክፈቱ፤ ከእናንተ ምስል በፊት በነበሩት ሰዓታት ያ ሰሌዳ ምን እንዳየም ከማኅደሩ ፈልጉ። መርሐ ግብሩ ለሁሉም የተከፈተ ነው፤ ለማየት ፈቃድ አያስፈልግም።